ፑሽ ሲከለከል ጊት የማይነግረን ነገር፦ ሥራችን አለ ወይስ ጠፍቷል?

ማታ_አስተማሪ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቅ ቤት ውስጥ፣ ማታ ማታ ለጀማሪዎች ፕሮግራሚንግ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት በክፍላችን የደረሰ አንድ ነገር ከአእምሮዬ ሊወጣ ስላልቻለ ይዤው መጥቻለሁ።

ሁለት ተማሪዎች የኮድ ለውጦችን ከነታሪካቸው በሚመዘግበው በጊት አማካይነት በአንድ ፕሮጀክት ላይ አብረው ይሠራሉ። አንደኛዋ የድርሻዋን ቀድማ ፑሽ አደረገች (ወደ ጋራው ማከማቻ ላከች)። ሁለተኛው ሦስት ቀን የደከመበትን ሥራ ኮሚት አድርጎ (በጊት መዝግቦ) ፑሽ ሲል «ሪጀክትድ» (ተከልክሏል) የሚል ቃል በቀይ መጣበት፤ ቀጥሎም አንዳንድ «ሬፎችን» (ወደ ኮሚቶች የሚያመለክቱ ስሞችን) መላክ አልተቻለም የሚል መስመር ተከተለ። ልጁ ከዚያ በታች ያለውን አላነበበም። ሥራው የተበላሸ መስሎት ፎልደሩን እንዳለ አጥፍቶ ፕሮጀክቱን እንደ አዲስ ክሎን አደረገ (ሙሉ ቅጂውን ከጋራው ማከማቻ አወረደ)። ጊት የመዘገበው ታሪክ በሙሉ የሚቀመጠው እዚያው ፎልደር ውስጥ ባለው ስውር ማውጫ ስለሆነ የሦስት ቀን ሥራው ከነታሪኩ ጠፋ። እኔን የጠራኝ ከዚህ በኋላ ነበር።

መልእክቱን ከልጁ ጋር ቁጭ ብለን እንደገና አነበብነው። ውሸት የለበትም። እንዲያውም ከቀዩ መስመር ሥር «ሂንት» (ጥቆማ) ብለው የሚጀምሩ መስመሮች አሉ፤ የተከለከላችሁት ሪሞቱ (የጋራው ማከማቻ) ላይ እናንተ ጋ የሌለ ሥራ ስላለ ነው፣ መጀመሪያ ያንን አውርዶ ከእናንተው ጋር የሚያገናኘውን «ጊት ፑል» በሉ ይላሉ። የጎደለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «የእናንተ ኮሚቶች በዚህ ኮምፒዩተር ላይ እንዳሉ ናቸው» የሚል። የደነገጠ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ ምክንያቱንም ሆነ መፍትሔውን ለመስማት ጆሮ የሚኖረው ለዚህ መልስ ካገኘ በኋላ ነው።

ምክሩን ቢከተል ኖሮም መንገዱ ቀና አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ስሪት 2.33 ወዲህ፣ ሁለቱ ወገኖች በየፊናቸው ኮሚት አድርገው ከሆነና ምርጫው አስቀድሞ ካልተቀመጠ፣ «ጊት ፑል» ራሱ «ፋታል» ብሎ ይቆማል፤ የተለያዩትን ብራንቾች (የሥራ ቅርንጫፎች) እንዴት ላስታርቃቸው ብሎ ይጠይቃል። ሦስት አማራጭ ይዘረዝራል፦ መርጅ (ሁለቱን ታሪኮች ማዋሃድ)፣ ሪቤዝ (የራስን ኮሚቶች በሌላው ሥራ ላይ እንደ አዲስ መደርደር)፣ ወይም ፋስት ፎርዋርድ ብቻ (የራስ አዲስ ኮሚት ከሌለ ብቻ ወደ ፊት መሄድ)። ታሪኮቹ አንዴ ከተለያዩ ፋስት ፎርዋርድ ማድረግ ስለማይቻል ሦስተኛውን የመረጠ ሰው ሌላ «ፋታል» ይጠብቀዋል። ላለበት ችግር የማይሠራ አማራጭ ከሚሠሩት እኩል ተሰልፎ ቀርቧል ማለት ነው፤ ይህ ለእኔ ከቀዩ ቃል ይልቅ ከባድ ጉድለት ነው።

በዚህ የተነሣ ሁለት ነገር አስቤያለሁ። ለተማሪዎቻችን በየመልእክቱ አጭር የአማርኛ ማብራሪያ ማዘጋጀት አንዱ ሲሆን፣ ሌላው ይህችኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ለራሱ ለጊት ፕሮጀክት ማቅረብ ነው። ልምድ ያላችሁ ምን ትላላችሁ?

ሰርቨር_ጠባቂ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡45

እህቴ፣ ለልጁ ከልብ አዝኛለሁ። ያነሳሽው ጉዳይ ትክክል ነው፤ ሆኖም መልእክቶቹ ለምን እንዲህ እንደሆኑ ሳንረዳ ወደ ማሻሻል ብንሄድ የምንልከው ሐሳብ ተቀባይ አያገኝም።

ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2005 ጊትን ሲጀምር ዓላማው የሊነክስ ከርነልን (የሊነክስ ስርዓተ ክወና እምብርትን) ሥራ ማስቀጠል ነበር። መጀመሪያ የተሠሩት በውስጥ የሚያገለግሉ ትናንሽ ትእዛዞች ናቸው፤ ለሰው የሚመቹት በእነዚያ ላይ ቆይተው ተገነቡ። ሬፍ፣ ኢንዴክስ፣ ፓዝስፔክ የሚሉት ቃላት የዚያ የውስጥ ማሽን ክፍሎች ስሞች ናቸው፤ ስህተት ሲፈጠር ወደ ውጭ ይወጣሉ። አንድ ምሳሌ ልስጥ። የብራንች ስም ተሳስቶ «ጊት ቼክአውት» ያለ ሰው የሚደርሰው መልስ የጻፍከው ጊት ከሚያውቃቸው ፋይሎች ከአንዱም ጋር አልገጠመም የሚል ነው። ሰውየው ስለ ፋይል አልጠየቀም። ቼክአውት ብራንች መቀየርንም ፋይል መመለስንም ደርቦ ስለያዘ ስሙን ብራንች ሆኖ ሲያጣው ፋይል ይሆናል ብሎ ይፈልገዋል፤ የምንሰማው የሁለተኛውን ፍለጋ ውድቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በስሪት 2.23 «ስዊች» እና «ሪስቶር» የሚባሉ ትእዛዞች ሲመጡ ሥራው ለሁለት ተከፈለ፤ በ«ጊት ስዊች» ያንኑ ስህተት ብትሠሪ እንዲህ የሚባል ሬፈረንስ የለም ይልሻል። የመልእክቱ ቃል የተስተካከለው ትእዛዙ ራሱ ስለተስተካከለ ነው፤ ቃል ብቻ መለወጥ የማይደርስበት ቦታ አለ።

ለተማሪዎችሽ በመጀመሪያው ቀን እንድታስተምሪያቸው የምለምንሽ ደግሞ የ«ፋታል»ን ትርጉም ነው። መዝገበ ቃላት የከፈተ ተማሪ «ገዳይ» የሚል ያገኛል፤ የሞተውም ሥራው ይመስለዋል። በጊት ውስጥ ይህ ቃል የሚነግረን የተጻፈው ትእዛዝ መቀጠል አቅቶት እዚያው እንደቆመ ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙም አለመሳካቱን የሚያመለክተውን ቁጥር 128 መልሶ ይወጣል። ከትእዛዝ መቆም አልፎ ስለ ፋይሎቻችን ጤንነት የሚናገረው ነገር የለም።

ወደ ፕሮጀክቱ ስለመላክ ካነሳን፣ የጊት የኮድ አጻጻፍ መመሪያ ስለ ስህተት መልእክት የሚለውን አንብቡ። የስህተቱ ዓይነት አስቀድሞ ይነገር፣ የፋይሉ ስም ይከተል ይላል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር የሆነ መልእክት በነጥብ አይዘጋም፣ የመጀመሪያው ቃል በመጀመሩ ብቻ በትልቅ ፊደል አይጻፍም ይላል። የሥራው ሁኔታ ይነገር የሚል ግን የለበትም። የአንቺ ሐሳብ አዲስነቱ እዚህ ላይ ስለሆነ «ፋታል» ወይም «ኤረር» በሚለው መስመር ላይ ከመጨመር ይልቅ በ«ሂንት» ውስጥ ብታስገቢው ይሻላል። የማያስፈልገው ሰው በቅንብር ሊያጠፋው ይችላል፤ የቀደመውን መስመር የሚያነብ ስክሪፕት ያለው ሰውም አይጎዳም።

ጀማሪ_07 · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡10

ቀድሜ ፑሽ ያደረግሁት ተማሪ እኔ ነኝ። የጓደኛዬን ሥራ ያጠፋሁት በእኔ ፑሽ መስሎኝ ሁለት ቀን ክፍል አልመጣሁም። መምህርታችን እስክታስረዳኝ ድረስ እንዲያ እንዳልሆነ የሚነግረኝ ምንም ነገር ስክሪኑ ላይ አልነበረም፤ ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ለሁለታችንም ያስፈልግ ነበር።

እኔም ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ኮሚት በማደርግበት ሰዓት መብራት ሄደ። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ጊት «ኢንዴክስ ዶት ሎክ» የሚባል ፋይል መፍጠር አልቻልኩም፣ ፋይሉ አለ አለኝ። ፋይል ካለ ለምን ችግር እንደሚሆን አልገባኝም ነበር። ግን መልእክቱን እስከ መጨረሻው ሳነበው ሌላ የጊት ሂደት እየሠራ ሊሆን እንደሚችል፣ ሁሉም ተዘግቶ ችግሩ ካልለቀቀ ከዚህ በፊት በድንገት የተቋረጠ ሂደት የተወው ፋይል ሊሆን ስለሚችል በእጅ አጥፉት የሚል አገኘሁ፤ እንዳለውም አደረግሁ፣ ሠራ። ይህ ካየኋቸው ሁሉ የተሻለው ነው፤ ምክንያቱን ገምቶ ነግሮኛል፣ ምን ልሠራ እንደምችልም ነግሮኛል።

ሁለተኛው እስካሁን የሚያስጨንቀኝ ነው። የፋይሌን ስም በአማርኛ «ሪፖርት» ብዬ ብሰይመው «ጊት ስታተስ» በፊደሉ ምትክ ቁጥር ይደረድርልኛል። የመጀመሪያዋ «ሪ» ብቻ \341\210\252 ሆና ትወጣለች። ፋይሌ ተበላሽቷል?

ደንገል · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

ጀማሪ_07፣ ፋይልሽ ደህና ነው። እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒዩተር ጽሑፍን በሚያስቀምጥበት ኮድ) ሦስት ባይት ይይዛል፤ ጊት ደግሞ በነባሪው ቅንብር ከአስኪ (ከእንግሊዝኛ ፊደላትና ከመሠረታዊ ምልክቶች ስብስብ) ውጭ ያለውን ባይት ሁሉ በኦክታል (በስምንት መሠረት) ቁጥር ነው የሚጽፈው፤ ለየባይቱ አንድ ጭረትና ሦስት አኃዝ፣ በድምሩ አራት ምልክት። በዚህ ስሌት አራት ፊደል ያላት «ሪፖርት» አርባ ስምንት ምልክት ትሆናለች። «ጊት ኮንፊግ --ግሎባል ኮር.ኩዎትፓዝ ፎልስ» ብለሽ አንድ ጊዜ ብታስተካክዪው ከዚያ ወዲህ ስሙን በፊደሉ ታዪዋለሽ። ልብ በሉ፤ ይህም ከዋናው ጥያቄያችን የሚወጣ አይደለም። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደህና የሆነው ፋይል የተበላሸ መስሎ ታይቶታል።

እኔ የምሠራው የትርጉም ሥራ ስለሆነ ስለ አማርኛው ማብራሪያ ልናገር። ጊት መልእክቶቹን ወደ ሌላ ቋንቋ የማሳየት አቅም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አለው፤ ቬትናምኛ፣ ቱርክኛ፣ ቡልጋርኛና ሌሎችም ብዙ ቋንቋዎች ገብተዋል። አማርኛ የለም። መልእክቶቹ ከ5 ሺህ ስለሚበልጡ ሁሉንም እንተርጉም ብለን ብንነሣ መሐል ላይ እንደምንቀር እሰጋለሁ፤ ጀማሪን በሚያስደነግጡት ሃያ ሠላሳ መልእክቶች መጀመር ይሻላል።

ሲተረጎም የሚያጋጥመን ዋናው እንቅፋት የቋንቋችን አሰካክ ነው። ሰርቨር_ጠባቂ የጠቀሱት መመሪያ የስህተቱ ዓይነት አስቀድሞ ይምጣ ይላል፤ አማርኛ ግን ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «እገሌ የተባለውን ፋይል መክፈት አልተቻለም» ብንል የፋይሉ አድራሻ ረጅም ሲሆን አንድ መስመር ሙሉ ይወስዳል፤ ምን እንደሆነ የሚነግረን ግስ ወደ ሁለተኛው መስመር ይወርዳል፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ እዚያ አይደርስም። በተጨማሪም ስሙ በላቲን ፊደል ሆኖ «ን» ሲቀጠልበት ተማሪው «ን»ን የስሙ አካል አድርጎ ይቀዳዋል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ «መክፈት አልተቻለም፦» ብለን ግሱን አስቀድመን፣ የፋይሉን ስም ከሁለት ነጥብ በኋላ ለብቻው ብናስቀምጠው ሁለቱም ችግሮች ይፈታሉ፤ ከመመሪያውም ጋር እንስማማለን።

አንተ፣ አንቺ ወይስ እርስዎ የሚለውም መወሰን አለበት። እኔ የምመርጠው «ይጠቀሙ»፣ «ይሞክሩ» የሚለውን አክብሮታዊ አነጋገር ነው፤ ጾታ አይመርጥም፣ የቁጣ ድምፅም የለውም።

በመጨረሻ «ዲታችድ ሄድ»። ሄድ አሁን የቆምንበትን ኮሚት የሚያመለክት የጊት ምልክት ነው። ቃል በቃል «የተነጠለ ራስ» ብሎ መተርጎም የሚያስደነግጥ ብቻ ሳይሆን ምንም የማያስረዳ ነው። ሄድን እንዳለ ትተን «ሄድ ከየትኛውም ብራንች ጋር አልታሰረም» ብንልስ? እዚህ ሐይቁ ዳር ላደገ ሰው ያልታሰረ ታንኳ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ትቀዝፍበታለህ፣ ትሄድበታለህ፣ ሳታስረው ከወረድክ ግን ተመልሰህ የምትፈልገው ወዴት እንደሆነ አታውቅም።

ዘጌ_ማዶ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡05

እኔ በርቀት የምሠራ ነኝ፤ ኔትወርኩ በሚቆራረጥበት ቦታ ስለምኖር የእኔ ጠላት «ኧርሊ ኢኦኤፍ» የሚለው ነው። ትልቅ ፕሮጀክት ክሎን ሳደርግ ሰማንያ በመቶ ላይ ይቋረጥና መረጃው ከሚጠበቀው በፊት አለቀ፣ ኢንዴክስ ፓክ (የወረደውን የማደራጀት ሥራ) አልተሳካም ይላል። የማይናገረው ነገር ግን ከሚናገረው ይበልጥብኛል። ክሎን ከተቋረጠበት አይቀጥልም፤ ጊት እስከዚያ የወረደውን አጥፍቶ ይወጣል፤ ትእዛዙን ስደግመው ከዜሮ ይጀምራል። ይህን ያወቅሁት የአንድ ሳምንት የኢንተርኔት ጥቅሌን ካስጨረስኩ በኋላ ነው።

በየመድረኩ የሚመከረው «ፖስትበፈር» የሚባለውን ቁጥር ከፍ ማድረግ ነው። ያ ቅንብር የሚመለከተው እኛ ወደ ሰርቨሩ የምንልከውን ነው፤ ለምናወርደው አይረዳም። የረዳኝ «--ዴፕዝ 1» ብሎ የመጨረሻውን ኮሚት ብቻ ማውረድ፣ ከዚያ በ«ጊት ፌች --ዲፐን 100» እያሉ ታሪኩን ቁራሽ በቁራሽ መሳብ ነው። አንዱ ቁራሽ ቢቋረጥ ቀድሞ የገባው አይጠፋም።

ስለዚህ ማታ_አስተማሪ ያነሱት ሐሳብ ለእኔ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። ሥራው ካለ አለ ይበለን፤ ከጠፋም ጠፍቷል ይበለንና አቅማችንን አውቀን እንጀምር።

ሰርቨር_ጠባቂ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡15

ደንገል፣ «አልታሰረም» የሚለው ጥሩ ነው፤ ቃሉን እቀበላለሁ። በታንኳው ምሳሌ ላይ ግን አንድ ነገር ላርም። ባልታሰረ ሄድ ላይ የተደረገ ኮሚት ወዲያው አይጠፋም፤ በነባሪው ቅንብር በሪፍሎግ (ሄድ የቆመባቸውን ኮሚቶች በሚይዘው የጊት መዝገብ) ውስጥ 30 ቀን ይቆያል። ከዚያም በላይ፣ ወደ ብራንች ስንመለስ ጊት «ከየትኛውም ብራንችህ ጋር ያልተያያዘ አንድ ኮሚት ትተህ እየሄድክ ነው» ብሎ የኮሚቱን መለያ ይጽፍልናል፤ በዚያ መለያ አዲስ ብራንች እንዴት እንደሚፈጠርም ትእዛዙን እስከነሙሉ ቃሉ ያሳየናል። ምን እንደሚቀር፣ የት እንዳለ፣ እንዴት እንደሚያዝ አንድ ላይ ይናገራል። እህታችን የምትፈልገው ሥርዓት በጊት ውስጥ ቀድሞም በዚህ ቦታ አለ፤ ለሌሎቹ መልእክቶች እንደ ምሳሌ አድርገን ልናቀርበው እንችላለን።

ሌሊት ሳስብበት ያደርኩት ሌላ ነገር አለ። ጊት በቀይ ጮሆ እምቢ በሚልበት ቦታ ሁሉ ማለት ይቻላል ሥራችን በቦታው ነው። ፑሽ ሲከለከል ኮምፒዩተራችን ላይ የተነካ ነገር የለም። መርጅ ብናደርግ ያልተመዘገበ ለውጥህ ይሸፈናል ብሎ ሲያቆመንም ያቆመን ለውጡን ለማትረፍ ነው። በአንጻሩ ሥራ በእርግጥ የሚጠፋባቸው ትእዛዞች ድምፅ የላቸውም። «ጊት ሪስቶር» ኮሚት ያልተደረገ የፋይል ለውጥ ሲያጠፋ አንድም ቃል አይጽፍም። «ጊት ሪሴት --ሃርድ» ሄድ አሁን እዚህ ኮሚት ላይ ነው ይላል እንጂ ይህን ያህል ያልተመዘገበ ለውጥ ተደምስሷል አይልም። ኮሚት ያልተደረገ ነገር ደግሞ ሪፍሎግ አያድነውም። ተማሪ በጩኸቱ መጠን አደጋውን ከለካ ሁልጊዜ የሚሳሳተው ለዚህ ነው። በእኔ እምነት ማብራሪያችሁ ከእነዚህ ዝምተኞች ቢጀምር ይጠቅማል።

በተጨማሪም የእንግሊዝኛውን መስመር አታጥፉት። ተማሪው መልስ የሚፈልገው እሱን ገልብጦ ነው፤ በአማርኛ ብቻ የቀረበ ስህተት በመፈለጊያ ገጽ ላይ ምንም አያመጣለትም። ረስት የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ኮምፓይለር ለየስህተቱ እንደ «ኢ0308» ያለ ቋሚ ቁጥር ሰጥቶ በዚያ ቁጥር ረጅም ማብራሪያ ያሳያል፤ በጊት እንዲህ ያለ ቁጥር ስለሌለ የእንግሊዝኛው ቃል ራሱ መለያ ሆኖ ማገልገል አለበት።

ማታ_አስተማሪ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡50

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የዝምተኞቹ ነገር ለእኔ አዲስ ነው፤ ስድስት ወር ሳስተምር በዚህ መልክ አስቤው አላውቅም። የነገው ትምህርት ከ«ሪስቶር» እና ከ«ሪሴት» ይጀምራል፤ ተማሪዎቹ ኮሚት ያላደረጉትን የሙከራ ፋይል በገዛ እጃቸው አጥፍተው ዝምታውን እንዲያዩት አደርጋለሁ።

በተባለው መሠረት ለተከለከለው ፑሽ ይህን ጽፌያለሁ፤ ከእንግሊዝኛው መስመር ሥር የሚቀመጥ ነው።

«ኮሚቶችዎ በዚህ ኮምፒዩተር ላይ እንዳሉ ናቸው፤ የተለወጠ ነገር የለም። መላክ ያልተቻለው ሪሞቱ ላይ እርስዎ ያላወረዱት የሌላ ሰው ሥራ ስላለ ነው። ሁለቱን ለማዋሃድ፦ ጊት ፑል --ኖ-ሪቤዝ። ከዚያ ፑሹን ይድገሙ። ፎልደሩን አያጥፉ።»

«--ኖ-ሪቤዝ»ን የጨመርኩት ሦስቱ አማራጮች ፊት ለፊቱ እንዳይደቀኑበት ነው። ሪቤዝን በሁለተኛው ወር እናስተምራለን።

ለተቋረጠ ክሎን ደግሞ ዘጌ_ማዶ ባሉት መሠረት፦ «ማውረድ አልተጠናቀቀም። እስካሁን የወረደው ተሰርዟል፤ ትእዛዙን ቢደግሙት ከመጀመሪያው ይጀምራል። ኔትወርክዎ የሚቆራረጥ ከሆነ በ --ዴፕዝ 1 ይጀምሩ።»

ደንገል · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡20

ሁለተኛው ላይ የምጨምረው የለም። በመጀመሪያው ላይ «ለማዋሃድ» ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣው ትእዛዝ ለብቻው መስመር ይያዝ፤ የአማርኛው አራት ነጥብ ከትእዛዙ መጨረሻ ጋር ከተጣበቀ አብሮ ይቀዳል። «ሁለቱ ሥራዎች አንድ መስመር ላይ ከተጋጩ ጊት ይጠይቅዎታል» የምትል ሐረግም ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የመርጅ ግጭት ሲመጣ የምንሰጠው ተስፋ ይፈርሳል።

ጀማሪ_07 · ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡00

ዛሬ ክፍል ውስጥ መምህርታችን ሆን ብላ ፑሻችን እንዲከለከል አደረገች፤ የታተመውን ጽሑፍም ሰጠችን። ጓደኛዬ አጠገቤ ነበር። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አንብቦ እጁን ከማውሱ ላይ አነሣ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ የቀረውን አነበበ። ፑል አደረገ፣ አንድ ፋይል ላይ ተጋጨን፣ የእኔንና የእሱን መስመሮች አብረን ለይተን አስተካከልነው።

ግን «ሪሞት» የሚለውን ቃል ከአሥራ አንዳችን አምስታችን አላወቅነውም። «ሁላችሁ የምትልኩበት የጋራው ማከማቻ» ቢባል ይሻላል።

ማታ_አስተማሪ · ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡35

ተቀብያለሁ፤ «ሪሞቱ ላይ» የሚለው «በጋራው ማከማቻ ላይ» ተብሎ ተስተካክሏል። ደንገል ያሉትም ገብቷል። ሰርቨር_ጠባቂ፣ ለፕሮጀክቱ የሚላከውን የእንግሊዝኛውን ሂንት እሑድ ከሰዓት በኋላ አብረን ብንጽፈው ደስ ይለኛል፤ የምንጨምረው ኮሚቶችዎ አልተነኩም የሚለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይሁን።